የድምፅ ክርክርና የዳኛ ፍርድ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ አባቶቻችን ይናገሩ ነበር። ጭብጦ በመዳፍ የምትጠፈጠፍ ትንሽ ቂጣ ናት፤ በቅሎ ግን የመኳንንት መቀመጫ፣ የባለጠጋ ቤት ጌጥ ነበረች። ተናጋሪው ከበቅሎዋ ይልቅ ለቂጣዋ ማዘኑ የዋጋቸውን ልዩነት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በዳኛ ፊት ቆሞ፣ ዋስ ጠርቶ፣ ምስክር አሰምቶ የተረታ ሰው የተረታበትን ምክንያት ስለሚያውቅ በቅሎውን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ያለ ፍርድ የተነጠቀ ግን የተነጠቀው ቂጣም ቢሆን ቂሙን ለልጅ ልጁ ያወርሳል ለማለት ነው። እኛም ይህን ምሳሌ ይዘን የሩቅ አገር ታሪክ ልንመረምር ያሰብነው፣ በሙግት የሚሄደው ነገር በቅሎ ሳይሆን ሹመት በሆነ ጊዜ፣ የሚቆጠረውም ምስክር የአንድ ግዛት ሕዝብ የምርጫ ወረቀት በሆነ ጊዜ ነገሩ እንደ ምን እንደሚፈጸም ለማየት ነው።

በምርጫ አሸናፊውን ከተሸናፊው የሚለየው ድምፅ ብዙ ሲሆን ዳኛ አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ልዩነቱ እጅግ ጠብቦ፣ ቆጣሪዎች ሊሳሳቱት ከሚችሉት ስሕተት ያነሰ እንደ ሆነ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጥር ያደረ ሰው ከዐሥር ሺህ ወረቀት አንዱን ቢስት ማንም አይፈርድበትም፤ ዳሩ ግን ድምፁ የተሰጠው በ1,200,000 ሰው እንደ ሆነ ይህች ጥቂት ስሕተት 120 ድምፅ ትሆናለች። ምርጫው የተለየው በ91 ድምፅ ቢሆንስ? ይህ ለምሳሌ ያህል የፈጠርነው ቍጥር አይደለም፤ ከዚህ በታች እንደምንተርከው በእውነት የሆነ ነው።

ታሪኩ የሚኒሶታ ግዛት ታሪክ ነው። (የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።) ሚኒሶታ በአሜሪካ ሰሜናዊ ወሰን ላይ ከካናዳ ጋራ የምትዋሰን፣ ሐይቆቿ የበዙ፣ በረዶዋ የበረታ ግዛት ስትሆን፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞቿ ዛሬ ብዙ የአገራችን ተወላጆች ይኖሩባታል። እርሷን የመረጥንበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። በ46 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በታላላቅ ሹመቶች ላይ፣ በጥቂት መቶ ወይም ከመቶ ባነሰ ድምፅ የተለየ ምርጫ ገጥሟት ሁለቱንም በራሷ ዳኞች ስለ ጨረሰች ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ምርጫን የማስፈጸሙን ሥራ በመጀመሪያ ደረጃ ለየግዛቶቹ ስለ ተወ፣ የምርጫ ሙግት ሲነሣ ቀድሞ የሚቀርበው በዋና ከተማው በዋሽንግተን ሳይሆን በየግዛቱ ችሎት ነው።

በኖቬምበር 6 ቀን 1962 ሚኒሶታውያን አገረ ገዥያቸውን መረጡ። በሥልጣን ላይ የነበረው የሪፑብሊካን ፓርቲው ኤልመር አንደርሰን ሲሆን፣ ተቃዋሚው የዴሞክራቱና የገበሬ ሠራተኛው ፓርቲ ሰው ካርል ሮልቫግ ነበረ። በዚያን ጊዜ የአገረ ገዥውና የምክትሉ ምርጫ የተለያየ ስለ ነበረ፣ ሮልቫግ የአንደርሰን ምክትል አገረ ገዥ ነበር፤ ሁለቱ ተቀናቃኞች በአንድ ጣራ ሥር ይሠሩ ነበር ማለት ነው። (ሥነ ጽሑፍ ለሚወዱ አንባቢዎቻችን፣ የሮልቫግ አባት ከኖርዌይ ተሰደው በአሜሪካ ሜዳ ላይ የሰፈሩትን ገበሬዎች መከራ የጻፈው ዕውቁ ደራሲ ኦሌ ሮልቫግ መሆኑን ሳናነሣ ማለፍ አንፈልግም።) ሹመቱም ከወትሮው የከበደ ነበረ፤ እስከዚያ ድረስ ሁለት ዓመት የነበረው የአገረ ገዥው ዘመን ከዚህ ምርጫ ጀምሮ አራት ዓመት እንዲሆን ተወስኖ ነበርና።

ድምፁ ተቈጠረ፤ ማን እንዳሸነፈ ግን ሊታወቅ አልቻለም። አንዳንድ አውራጃዎች አስቀድመው የላኩት ቍጥር ስሕተት አለበት ብለው ሁለተኛ ቍጥር ላኩ፤ የታረመው ይጽና ወይስ የፊተኛው የሚለው ጥያቄ ወደ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም የታረመው እንዲያዝ ስለ ፈቀደ አንደርሰን በ142 ድምፅ ቀዳሚ ሆነ። ሮልቫግ ግን ወረቀቱ ሁሉ ዳግመኛ ይቈጠርልኝ ሲል አቤት አለ።

ሥራው ለሦስት የአውራጃ ፍርድ ቤት ዳኞች ተሰጠ። እነርሱም ያደረጉትን ልብ ብለን ብንመለከት መልካም ነው። ዳኞቹ ወረቀቱን ሁሉ ራሳቸው ልቍጠር አላሉም፤ የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች አብረው ተቀምጠው እያንዳንዱን ወረቀት በየአውራጃው እንዲያዩት አደረጉ። የተስማሙበት ወረቀት በዚያው ይቈጠራል፤ ያልተስማሙበት ተለይቶ ለዳኞቹ ይቀመጣል። መራጩ ምልክቱን ከሣጥኑ ውጭ አድርጎ እንደ ሆነ፣ ሁለት ስም ላይ ምልክት አድርጎ አንዱን ሰርዞ እንደ ሆነ፣ ስሙን ጽፎበት እንደ ሆነ፣ እንዲህ ያለው ሁሉ ተለይቶ የሚቀመጥ ነበር። በመጀመሪያ ጠበቆቹ ሁሉ ነገር ላይ ተቃውሞ እያነሡ ብዙ ሺህ ወረቀት አስለዩ፤ ኋላ ግን የማይረባው ተቃውሞ በስምምነት እየተነሣ ሄደና ለፍርድ የቀረው ጥቂቱ ሆነ። ሙግት በዚህ ዐይነት መንገድ ሲመራ የሰው ግትርነት በራሱ ጊዜ ይሟሟል።

ቍጥሩ ባለቀ ጊዜ ሮልቫግ 619,842፣ አንደርሰን 619,751 ድምፅ ሆኑ። ልዩነቱ 91 ነበር። አንደርሰን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ለማለት መብት ነበረው፤ አላለም። ከጃንዩዌሪ ጀምሮ ያለ ጽኑ መሠረት ይዞት የቈየውን ወንበር ለቀቀና በማርች 25 ቀን 1963 ሮልቫግ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ከምርጫው ቀን እስከዚያ ድረስ 139 ቀን አልፎ ነበር። የሚያስደንቀው የቀኑ ብዛት አይደለም፤ ከሁለት ወር በላይ ያልተመረጠ ሰው ሲገዛ ቈይቶ፣ ሥልጣኑንም ማኅተሙንም በእጁ ይዞ ሳለ፣ ሦስት የአውራጃ ዳኞች ውጣ ሲሉት መውጣቱ ነው እንጂ።

እንግዲህ ይህ የሆነው ሚኒሶታውያን ከሌላው ሰው የተለየ ጠባይ ስላላቸው ነው የሚል ቢኖር አንስማማም። የዚያው አገር ሰዎች፣ ዳኛ በሌለበት ጊዜ፣ ከዚህ በቀለለ ነገር ሲቸገሩ ታይተዋል። በ1974 በኒው ሃምፕሸር ግዛት ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፣ ማለት ለሴኔቱ፣ በተደረገው ምርጫ ሉዊስ ዋይማን በመጀመሪያ በ355 ድምፅ አሸነፈ ተባለ፤ ዳግመኛ ሲቈጠር ጆን ደርኪን በ10 ድምፅ በለጠ፤ ለሦስተኛ ጊዜ የግዛቱ የምርጫ ኮሚሲዮን ሲያየው ዋይማን በ2 ድምፅ ቀደመ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የአባላቱን ምርጫ የሚዳኘው ራሱ ምክር ቤቱ ስለ ሆነ ነገሩ ወደ ዋሽንግተን ሄደ። በዚያም ዳኛ የሆኑት የሁለቱ ፓርቲ ሰዎች ናቸውና፣ ሰባት ወር ያህል ሲከራከሩ ከርመው ከአንድ ውሳኔ መድረስ ስላልቻሉ ወንበሩ ባዶ ነው ብለው ነገሩን ወደ ሕዝቡ መለሱት። በሴፕቴምበር 16 ቀን 1975 እንደ ገና ተመረጠና ደርኪን ወደ 27,000 በሚጠጋ ድምፅ አሸነፈ። ሕዝቡ በአንድ ቀን የፈጸመውን ሴኔቱ በሰባት ወር አልፈጸመውም።

ዳኛ መኖሩ ብቻ ደግሞ እንደማይበቃ የፍሎሪዳ ታሪክ ያስረዳል። በኖቬምበር 7 ቀን 2000 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ የአገሩ ሁሉ ውጤት በዚያች ግዛት 25 መራጮች ላይ ተንጠለጠለ። ወደ ስድስት ሚሊዮን ከሚጠጋው ድምፅ ውስጥ በመጨረሻ በጆርጅ ቡሽና በአል ጎር መካከል የተመዘገበው ልዩነት 537 ነበር። በብዙ አውራጃዎች ድምፅ የሚሰጠው ካርድ በመብሳት ስለ ነበረ፣ ግማሹ ተበስቶ ግማሹ የተንጠለጠለ፣ ወይም ጐድጐድ ብሎ ሳይበሳ የቀረ ካርድ በመኪና አልቈጠር አለ። የግዛቱ ሕግ የመራጩ ፈቃድ በግልጽ ከታወቀ ይቈጠር ይል ነበር፤ በምን ምልክት እንደሚታወቅ ግን አልተናገረም። ስለዚህ በአንዱ አውራጃ የተቈጠረው ዐይነት ካርድ በሌላው ተጣለ።

የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 8 ቀን፣ በአራት ዳኞች ድምፅ ሦስቱ ተቃውመው፣ መኪናው ያላነበበው ካርድ በግዛቱ ሁሉ በእጅ እንዲቈጠር አዘዘ። በማግሥቱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቈጠራውን አስቆመ፤ በዲሴምበር 12 ቀን ደግሞ አንድ ዐይነት መመዘኛ በሌለበት መቍጠር የዜጎችን በሕግ ፊት እኩልነት ያፈርሳል ሲል ፈረደ። በዚህ ነጥብ ከዘጠኙ ዳኞች ሰባቱ ችግር መኖሩን ተቀብለው ነበር፤ መመዘኛ አውጥቶ ለመቍጠር ጊዜ የለም ያሉት ግን አምስቱ ብቻ ናቸው። ጎርም በማግሥቱ መሸነፉን ተቀበለ። ሙግቱ በ36 ቀን ማለቁ እውነት ነው። ነገር ግን የታዩት ወረቀቶች ሁሉ በዳኛ ፊት ተቈጥረው ሳይሆን ቈጠራው ተቋርጦ ስለ ሆነ፣ በምሳሌው ቃል ለመናገር በቅሎዋ የሄደችው በግማሽ ፍርድ ነበር፤ ክርክሩም በጻሕፍትና በሕግ ዐዋቂዎች ዘንድ ዛሬ ድረስ አልበረደም። በእኛ አሳብ ጥፋቱ ከሁሉ አስቀድሞ የፍርድ ቤቶቹ አይደለም፤ መመዘኛውን ከምርጫው በፊት ሳይጽፍ የተወው ሕግ አውጪ ነው። ተወዳዳሪው ማን እንደሚጠቀም ከታወቀ በኋላ የሚወጣ መመዘኛ፣ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ከጥርጣሬ አያመልጥም።

ወደ ሚኒሶታ እንመለስ። የዚያች ግዛት ሕግ የመራጩ ፈቃድ ይፈለግ ብሎ አልተወም፤ ምልክቱ ከስሙ አጠገብ ቢሆን፣ ምልክቱ ልዩ ልዩ ቅርጽ ቢኖረው፣ አንዱ ተሰርዞ ሌላው ቢቀር ምን እንደሚደረግ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ነበር። ይህ ዝርዝር ምን ያህል እንደሚጠቅም በኖቬምበር 4 ቀን 2008 በተደረገው የሴኔት ምርጫ ታየ። ወንበሩን የያዘው ሪፑብሊካኑ ኖርም ኮልማን፣ ተቃዋሚው ቀድሞ በቀልድ ጽሑፍና በቴሌቪዥን የታወቀው ዴሞክራቱ አል ፍራንከን ነበሩ። 2,900,000 ያህል ድምፅ ተሰጥቶ ኮልማን በ215 ቀደመ፤ ልዩነቱ ጠባብ ስለ ሆነም በሕጉ ትእዛዝ ወረቀቱ ሁሉ በእጅ ዳግመኛ ተቈጠረ።

ይህን የሚመረምረው ጉባኤ አምስት አባላት ነበሩት። ሰብሳቢው የግዛቱ ዋና ጸሐፊ ዴሞክራት ነበር፤ ከአራቱ ዳኞች ሁለቱ ሪፑብሊካን አገረ ገዥ የሾማቸው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሲሆኑ፣ ሁለቱ ከአውራጃ ፍርድ ቤት የመጡ ነበሩ። የሁለቱ ወገን ጠበቆች በመጀመሪያ ከ6,000 በላይ ወረቀት ላይ ተቃውሞ አነሡ፤ እንደ 1962ቱ ሁሉ አብዛኛውን ኋላ ራሳቸው ተዉት። የቀረውን ጉባኤው በአደባባይ፣ ሕዝብ በመስኮተ ትርኢት እያየ፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ እያነሣ ወሰነ። ከእነዚህ አንዱን ሳናነሣው አናልፍም፤ መራጩ የፍራንከንን ስም ካጠቈረ በኋላ በባዶው መሥመር ላይ ደግሞ «የእንሽላሊት ሰዎች» ብሎ ጽፎ ነበር። ከባዶች ዳኞች ተቀምጠው በዚህ ላይ በቁም ነገር ተወያዩ፤ ሁለት ምርጫ ነው ተብሎም ተጣለ። የሚስቅ ይሳቅ፤ እኛ ግን የአንድን ቀልደኛ ወረቀት እንኳ በሕጉ ዐይን የመረመረ ጉባኤ የቁም ነገረኛውን አያቃልልም የሚል እምነት በተመልካቹ ልብ ያደረው እንዲህ ባለው ነገር ይመስለናል። በሚኒያፖሊስ አንድ የምርጫ ጣቢያ 133 ወረቀት የያዘ ፖስታ ጠፍቶ በተገኘ ጊዜም፣ ማለት ቢፈለግ አልገኝ ባለ ጊዜ፣ ጉባኤው በምርጫው ሌሊት መኪናው የመዘገበውን ቍጥር አጸደቀ።

ከሁሉ የከበደው በፖስታ የተላከው ድምፅ ጉዳይ ነበር። በምርጫው ቀን ከጣቢያው የሚቀር ሰው አስቀድሞ ወረቀቱን ሊልክ ይችላል፤ ነገር ግን ፊርማው፣ አድራሻውና ምስክሩ እንደ ሕጉ ካልሆኑ ፖስታው ሳይከፈት ይጣላል። ወደ 12,000 የሚጠጋ ፖስታ ተጥሎ ነበርና ከእነዚህ መካከል በቆጣሪዎች ስሕተት የተጣሉት ይከፈቱ ሲሉ የፍራንከን ሰዎች ጠየቁ፤ የኮልማን ሰዎች ተቃወሙ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለቱ ወገኖችና የምርጫ ሹሞች የተስማሙባቸው እንዲከፈቱ አዘዘ፤ በጃንዩዌሪ 3 ቀን 2009 ዓመተ ምሕረት 933 ፖስታ ተከፍቶ ፍራንከን 481፣ ኮልማን 305 አገኙ። እስከዚያ ቀን 49 ብቻ የነበረው የፍራንከን ብልጫ 225 ሆነ። ከዚህ በኋላ የሆነው የሰውን ጠባይ ለሚመረምር ትምህርት ነው። ኮልማን ነገሩን በሙግት ወደ ፍርድ ቤት ባቀረበ ጊዜ፣ ፖስታ አይከፈት ሲሉ የነበሩት የእርሱ ጠበቆች የተጣሉት በሺህ የሚቈጠሩ ፖስታዎች ይከፈቱልን ባዮች ሆኑ፤ ይከፈት ሲሉ የነበሩት የፍራንከን ጠበቆች ደግሞ ሕጉ ይጠበቅ ባዮች ሆኑ። ቍጥሩ ሲገለበጥ መርሑም አብሮ ተገለበጠ። ዳኛ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ከተሟጋቾቹ ማናቸውም በሐሰት ባይናገሩ እንኳ፣ እያንዳንዱ ከሕጉ የሚያየው የሚጠቅመውን ገጽ ነው።

ሙግቱን እንዲሰሙ የተሰየሙት ሦስት ዳኞች አንደኛዋን ዴሞክራት፣ ሁለተኛዋን ሪፑብሊካን፣ ሦስተኛውን ከሁለቱ ፓርቲዎች ውጭ የሆነ አገረ ገዥ የሾሟቸው ነበሩ። ከጃንዩዌሪ 26 ቀን ጀምሮ ሰባት ሳምንት ያህል ተቀምጠው ከመቶ በላይ ምስክር ሰሙ፤ እንደ ሕጉ ተሟልተው ያገኟቸውን 351 ፖስታዎች ብቻ አስከፈቱ። ከእነዚህም 198 ለፍራንከን፣ 111 ለኮልማን፣ 42 ለሌሎች ሆኑ። ኮልማን ባነሣው ሙግት የተቃዋሚው ብልጫ ከ225 ወደ 312 አደገ ማለት ነው። በኤፕሪል 13 ቀን ሦስቱም ዳኞች በአንድ ቃል ለፍራንከን ፈረዱ።

ኮልማን ይግባኝ ብሎ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲቀርብ የፍሎሪዳውን ፍርድ ጠቀሰ፤ አንዱ አውራጃ የፖስታውን ሕግ አጥብቆ፣ ሌላው አላልቶ ስለ ሠራበት የዜጎች እኩልነት ፈርሷል አለ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ አውራጃዎቹ በአሠራራቸው መለያየታቸው ታይቷልና። ፍርድ ቤቱ ግን በጁን 30 ቀን 2009 የሰጠው መልስ፣ በሚኒሶታ መመዘኛው አስቀድሞ በሕግ የተጻፈና ለሁሉም አንድ መሆኑን፣ ሹሞቹ በአፈጻጸም ጥቂት ቢለያዩ ሆን ተብሎ አድልዎ እስካልተደረገ ድረስ ምርጫውን የማያፈርሰው መሆኑን የሚያስረዳ ነበር። በጉባኤው ላይ የነበሩት ሁለቱ ዳኞች የራሳቸውን ሥራ መልሰው እንዳይዳኙ ከችሎቱ ተነሥተው ስለ ነበረ፣ የፈረዱት አምስቱ ናቸው፤ ከአምስቱም የተለየ አሳብ የሰጠ አልነበረም።

ከምርጫው እስከ ፍርዱ 238 ቀን አልፏል። ከጃንዩዌሪ ጀምሮ ሚኒሶታ ከሁለቱ የሴኔት ወንበሮቿ አንዱን ብቻ ይዛ ቈየች፤ ለተቃዋሚው ወገን ክርክር ማስቆሚያ 60 ድምፅ ያስፈልግ በነበረበት ምክር ቤት ደግሞ ያ ወንበር ስድሳኛው ስለ ነበረ፣ መዘግየቱ የአገሩን ሁሉ ሥራ የሚነካ ሆነ። ይህን ያህል መቈየት ፍርድን እንደ መንፈግ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ቅሬታቸውን ከንቱ ነው አንልም። ዳሩ ግን ሴኔቱ በኒው ሃምፕሸር ጊዜ እንዳደረገው ነገሩን ወደ ራሱ አልሳበውም፤ የግዛቱን ዳኞች ጠበቀ። ኮልማንም ፍርዱ በተነበበበት ቀን ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት እንደማይሄድ ተናግሮ ለተቃዋሚው መልካም ምኞቱን ገለጠ፤ ፍራንከን በጁላይ 7 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸመ።

በ2010 የግዛቱ ምክር ቤት በፖስታ የሚላከውን ድምፅ ሕግ አሻሻለ፤ ፖስታዎቹን የሚመረምሩት በየጣቢያው በሥራ የተጣደፉ ሰዎች መሆናቸው ቀርቶ፣ ለዚሁ የተለየ ጉባኤ በየአውራጃው እንዲያያቸው ሆነ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለአገረ ገዥነት በተደረገው ምርጫ ማርክ ዴይተን ቶም ኤመርን ወደ 9,000 በሚጠጋ ድምፅ በልጦ እንደ ገና ቈጠራ ተጀመረ። ኤመር ቈጠራው የሚያመጣለት ነገር አለመኖሩን ባየ ጊዜ በዲሴምበር 8 ቀን መሸነፉን ተቀበለ፤ ነገሩም ወደ ችሎት ሳይደርስ በጃንዩዌሪ 2011 ዴይተን ሥራውን ጀመረ።